ወንድሟን እየወደደች የምታፍርበት ልጅ፦ የሲንቲያ ሎርድ «ሩልስ»

«ሩልስ» («ደንቦች» ማለት ነው) በብዛት የሚታወቀው ስለ ኦቲዝም የተጻፈ የልጆች ልብ ወለድ ተብሎ ነው። በዚህ ስም የገዛው ወላጅ ግን ጥቂት ምዕራፎች እንደሄደ የፈለገውን ያላገኘ ይመስለዋል። መጽሐፉ ኦቲዝም ምን እንደሆነ አያብራራም፤ ምልክት አይዘረዝርም፤ ሕክምና አይመክርም። ዋና ጉዳዩ እፍረት ነው። ካትሪን የምትባል አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ወንድሟን ከልቧ እየወደደች በሰው ፊት እንዴት እንደምታፍርበት፣ ካፈረች በኋላ ደግሞ በራሷ እንዴት እንደምትበሳጭ ያሳያል። ይህን ስሜት ሳይሸፋፍን፣ ልጅቷንም ሳይኮንን የያዘ የልጆች መጽሐፍ ብዙ የለም። አካል ጉዳተኛ ወንድም ወይም እህት ያለው ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ቢገኝ የምመኘውም ለዚህ ነው።

ደራሲዋ ሲንቲያ ሎርድ ሜይን በተባለው የአሜሪካ ግዛት የምትኖር፣ ቀድሞ አስተማሪ የነበረች፣ ኦቲዝም ያለበት ወንድ ልጅና አንዲት ሴት ልጅ ያላት እናት ናት። ይህ የመጀመሪያ ልብ ወለዷ እ.ኤ.አ. በ2006 በስኮላስቲክ ፕሬስ ታተመ፤ በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ ለልጆች መጻሕፍት ከሚሰጡት ታላላቅ ክብሮች አንዱ የሆነውን የኒውበሪ ኦነር እና የሽናይደር ፋሚሊ ሽልማትን አገኘ። የኋለኛው የአካል ጉዳትን ኑሮ አሳምረው ለሚያሳዩ የልጆችና የወጣቶች መጻሕፍት የሚሰጥ ነው። መጽሐፉ 200 ገጽ ያህል ነው፤ ምዕራፎቹ አጫጭር፣ ዓረፍተ ነገሮቹም ቀላል ናቸው። አሜሪካ ያደገ ልጅ ከ9 ዓመቱ ጀምሮ ብቻውን ያነበዋል። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ብቻ ለሚያገኝ የአዲስ አበባ ልጅ 11 ወይም 12 ዓመት ይሻላል፤ አጠገቡ ትልቅ ሰው ቢኖር ደግሞ ይበልጥ ይጠቀማል።

ታሪኩ የሚካሄደው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ዕረፍት ላይ ባሉበት ወቅት ነው። የካትሪን የቅርብ ጓደኛ ዕረፍቱን ከአባቷ ጋር ልታሳልፍ ካሊፎርኒያ ሄዳለች። አጠገባቸው ክሪስቲ የምትባል እኩያዋ ትገባለች፤ ካትሪን ደግሞ ማታ ማታ ከመስኮት መስኮት በባትሪ መብራት የሚጠራሩባት የጎረቤት ጓደኛ ሁልጊዜም ስትመኝ ኖራለች። ምኞቷ ላይ የተደቀነ የሚመስላት የ8 ዓመት ወንድሟ ዴቪድ ነው። ዴቪድ ኦቲዝም አለበት፤ ድምፅ ሲበዛበት ይጮኻል፤ ሰዓት ሲዛነፍ ይረበሻል፤ ሰው ፊት ሱሪውን ሊያወልቅ ይችላል። ወደ ቴራፒ በሚሄድበት ክሊኒክ ካትሪን መጠበቂያ ክፍል ተቀምጣ ጄሰንን ታገኛለች። ጄሰን 14 ዓመቱ ነው፤ በዊልቸር ይንቀሳቀሳል፤ መናገር ስለማይችል ካርዶች በተደረደሩበት መጽሐፍ ላይ ቃላት እየነካ ይግባባል።

ርዕሱን የሰጡት ደንቦች ካትሪን ለዴቪድ ብላ በሥዕል ደብተሯ ጀርባ የምትጽፋቸው ናቸው። እያንዳንዱ ምዕራፍም በአንድ ደንብ ይሰየማል። ልጆች እነዚህን ሲያነቡ ይስቃሉ፤ መሳቅም አለባቸው። የመጽሐፉ ጥበብ ግን ደንቦቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ባለመሆናቸው ላይ ነው፤ ብዙ አንባቢም ይህን ሳያስተውል ያልፋል። አንዳንዶቹ ለዴቪድ በቀጥታ የሚጠቅሙ ናቸው፦ የመታጠቢያ ቤት በር ከተዘጋ አንኳኳ፣ አሻንጉሊት አኳሪየም ውስጥ አትክተት። ሌሎቹ ዓለምን የሚፈቱለት ናቸው። አባቱ ከቀኑ በ11 ሰዓት እመጣለሁ ብሎ ሲዘገይ ዴቪድ ዓለም የተገለበጠች ያህል ይጨነቃል፤ መዘግየት ማለት አለመምጣት እንዳልሆነ የሚያስረዳው ደንብ የተጻፈው ለዚያ ነው። ሦስተኛዎቹ ደግሞ ለዴቪድ የተጻፉ መስለው ካትሪንን ከሰው ዓይን ለመከለል የወጡ ናቸው። መመለስ የማትፈልገውን ጥያቄ በሌላ ጥያቄ ማምለጥን የሚመክረው ደንብ ለምሳሌ የእሷ የራሷ ጠባይ ነው፤ ዴቪድ እንዲህ ያለ ብልሃት አያውቅበትም።

መጽሐፉን ከልጅ ጋር የሚያነብ ሰው አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ከፍሎ «ለዴቪድ»፣ «ለካትሪን»፣ «ለሌላ ሰው» ብሎ ይጻፍበት። አንድ ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር ልጁ ደንቡን የት እንደሚያስገባው ይወስን። የመጀመሪያዎቹ አራትና አምስት ደንቦች ሁሉ «ለዴቪድ» ውስጥ ይገባሉ። ከመጽሐፉ ግማሽ በኋላ ልጁ ራሱ ተመልሶ ማዛወር ይጀምራል። ያን ጊዜ ሳይሰበክ የደራሲዋ ሐሳብ ገብቶታል ማለት ነው።

ከደንቦቹ ውስጥ ሊቆሙበት የሚገባው ስለ ሳቅ የሚናገረው ነው። ሰው አንዳንዴ ስለሚወድህ ይስቃል፣ አንዳንዴ ግን ሊጎዳህ ይስቃል ይላል። እውነት ነው፤ ግን ለዴቪድ ምንም አይረዳውም። ሁለት ዓይነት ሳቅ እንዳለ ነገረችው እንጂ አንዱን ከሌላው የሚለይበትን ምልክት አልሰጠችውም። ራያን የሚባለው የሰፈር ልጅ ባዶ የማስቲካ ወረቀት እንደ ማስቲካ አድርጎ ሲሰጠው የደንቡ ክፍተት ፍንትው ብሎ ይታያል። ከኦቲዝም ጋር የሚኖር ልጅን የሚያሳድግ ወላጅ እዚህ ቦታ ላይ ጥሩ ትምህርት አለው፦ «ክፉ ሰዎች አሉ ተጠንቀቅ» ማለት ደንብ አይደለም። «ማስቲካ ሲሰጡህ ከመቀበልህ በፊት ወረቀቱን ጫን በለው፤ ባዶ ከሆነ መልሰህ ስጥና ወደ እህትህ ና» ማለት ግን ደንብ ነው። የሚታይ ምልክት አለው፤ የሚደረግ ነገር አለው፤ ማብቂያም አለው።

ዴቪድ የራሱ ቃል ሲያጥረው ከአርኖልድ ሎቤል የእንቁራሪትና የጉርጥ ተረቶች ያጠናቸውን ዓረፍተ ነገሮች ይጠቀማል። ካትሪንም በዚያው ቋንቋ ትመልስለታለች። በእኔ ግምት የመጽሐፉ ምርጥ ገጾች እነዚህ ናቸው። ባለሙያዎች ኤኮላሊያ የሚሉት ይህ የሰማውን መድገም ለረጅም ጊዜ ትርጉም የሌለው ልማድ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል፤ መጽሐፉ ግን እንዴት እንደሚሠራ በተግባር ያሳያል። ዴቪድ የሚደግመው ዓረፍተ ነገር በተረቱ ውስጥ ከነበረው ስሜት ጋር ይመጣል፤ ሲያዝን ያዘነውን፣ ሲፈራ የፈራውን ይጠቅሳል። የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ወይም የካርቱን ንግግር ሲደግም የሚውል ልጅ ያላችሁ ሰዎች «ዝም በል» ከማለት በፊት ያ ንግግር በመጀመሪያ የተሰማበትን ትዕይንት ፈልጉት። በትዕይንቱ ማን ምን ሆኖ እንደነበር ስታውቁ ልጁ ምን ሊል እንደፈለገ አብዛኛውን ጊዜ ይገባችኋል። ከዚያ በኋላ የሚጠቅመው እንደ ካትሪን በዚያው ዓረፍተ ነገር መልሶ፣ ቀጥሎ የራስን አንድ አጭር ቃል መጨመር ነው።

ወደ ጄሰን ስመጣ መጽሐፉ ይሰፋል። ካትሪን ሳታስፈቅደው መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ትሥለዋለች፤ እሱም ይቆጣል። በደሏን ለመካስ አዳዲስ የቃል ካርዶች ልሥራልህ ትለዋለች። በጄሰን የካርድ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ካርዶች ትልልቅ ሰዎች ያስፈልጉታል ብለው የመረጡለት ናቸው፤ ስለሚበላ፣ ስለሚጠጣ፣ ስለሚፈለግ ነገር። የ14 ዓመት ልጅ ግን ያ ብቻ አይበቃውም። እሷ የምታመጣለት እኩዮቹ የሚናገሩትን ነው፦ ግሩም የሚልበት፣ የሚያናድደውን ነገር የሚሰድብበት፣ «የራሳችሁ ጉዳይ» ብሎ ትከሻውን የሚነቀንቅበት። ካርዶቹ እየበዙ ሲሄዱ ጄሰን መቀለድ፣ መክሰስ፣ መመኘት ይጀምራል። ለውጡ በጄሰን ላይ እንደመጣ የሚያስብ አንባቢ ተሳስቷል፤ ጄሰን ከጅምሩም ይህን ሁሉ ያስብ ነበር፤ ያጣው መናገሪያውን ነው። ሎርድ ይህን በየትኛውም ገጽ ላይ እንደ ትምህርት አትናገረውም፤ ካርዶቹን ብቻ እየጨመረች ታሳያለች። በመኪና ማቆሚያው ቦታ ላይ ካትሪን ዊልቸሩን ይዛ የምትሮጥበት ክፍል ደግሞ መሮጥ ምን እንደሚመስል ማወቅ ለፈለገ ልጅ የተሰጠ መልስ ነው፤ ልጆች ደጋግመው የሚያነቡት እሱን ነው።

ይህን ክፍል ያነበቡ ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ «እኛም ለልጃችን እንሥራለት» ይላሉ። መልካም ሐሳብ ነው፤ በአማርኛ ሲሠራ ግን ጥንቃቄ የሚፈልግባቸው ነገሮች ስላሉ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

መያዣው ክላሰር ቢሆን ይመረጣል፤ ፎቶ ወይም የንግድ ካርድ የሚከተትባቸው ግልጽ የፕላስቲክ ኪሶች ያሉት። ካርዱ ከወፍራም ወረቀት 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ፣ ፊደሉ ከአንድ ክንድ ርቀት በቀላሉ በሚነበብ መጠን ይጻፍበት፤ ማንበብ ለማይችል ልጅ ከቃሉ ከፍ ብሎ ሥዕል ወይም ፎቶ ይደረግበት። ኪስ ከሌለ በሁለቱም በኩል ግልጽ ስኮች መለጠፍ ከምራቅና ከሻይ ያድነዋል። ባለሙያዎች የሰው መጠሪያዎችን በቢጫ፣ ግሦችን በአረንጓዴ፣ ገላጭ ቃላትን በሰማያዊ፣ የዕቃ ስሞችን በብርቱካናማ ቀለም መለየት ልማዳቸው ነው፤ ልጁ ቃሉን ሳያነብ በቀለሙ ሰፈሩን ያገኘዋል። አንድ ካርድ አንዴ የተቀመጠበት ቦታ አይቀየር። እጅ ቦታን ያጠናል፤ ቦታው በየሳምንቱ ከተቀያየረ ልጁ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ከእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ዝርዝር ወስዶ ቃል በቃል መገልበጥ የብዙዎች ስሕተት ነው። «መፈለግ» ወይም «መሄድ» የሚል ካርድ በልጅ አፍ አይመጣም። ካርዱ የሚናገረውን ሰው መያዝ አለበት፦ «እፈልጋለሁ»፣ «አልፈልግም»፣ «ልሂድ»፣ «ስጠኝ»፣ «ስጪኝ»። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ተለይተው መቀመጣቸው ግድ ነው፤ አለዚያ ልጁ እናቱን በወንድ አነጋገር ሲያዝ ይኖራል። ለታላላቆች «ይስጡኝ» ሦስተኛ ካርድ ሆኖ ይጨመር፤ አያቱን ማክበር የሚችልበት ዕድል ሊነፈግ አይገባም። ከዚያ ወዲያ ከመብልና ከመጠጥ ይልቅ የሐሳብ ቃላት ይቅደሙ፦ «አሪፍ ነው»፣ «ይደብራል»፣ «ተውኝ»፣ «አልገባኝም»፣ «ተሳስተሃል»፣ «ቆይ»፣ «እኔ ልምረጥ»፣ «ሌላ ነገር ልበል»፣ «ሚስጥር ነው»፣ «ምን አገባኝ»። የመጨረሻው ለአንዳንድ ወላጅ ስድነት ይመስለው ይሆናል። ልጁ በእሱ ዕድሜ ያሉት ልጆች ሁሉ የሚሉትን ነው ያለው። ባዶ ካርዶች ከክላሰሩ ጀርባ ሁልጊዜ ይኑሩ፤ የጄሰን ታሪክ ጠቅላላ በባዶ ካርድ ላይ የቆመ ነው።

ሥራው የሚበላሸው ከተሠራ በኋላ ነው። ክላሰሩ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥና እንግዳ ሲመጣ ይወጣል። ወይም ትልልቆቹ ልጁን መፈተኛ ያደርጉታል፤ «ውሃ የቱ ነው? አሳየኝ» ይሉታል፤ ልጁም ሁለተኛ መንካት ይጠላል። ወይም አንድ ካርድ እንደነካ ቀሪውን ገምተው ይጨርሱለታል። መፍትሔው ትልልቆቹ ራሳቸው ሲናገሩ ካርዶቹን እየነኩ መናገር ነው፤ ጠይቀውም ዝም ብለው እስከ አሥር መቁጠር። ከሁሉም የከፋው ልጁ ሲያጠፋ ክላሰሩን መንጠቅ ነው፤ ተናጋሪውን ልጅ ለቅጣት አፉን እንደማሸግ ነው። ጣቱን ማንቀሳቀስ ለማይችል ልጅ ደግሞ ትልቁ ሰው በየረድፉ እየነካ ይሄድለትና ልጁ በዓይኑ ወይም በአንገቱ «አዎ» ይበል፤ ይዘገያል እንጂ ይሠራል።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ወላጆቹ እንደ ክፉ ሰዎች አልተሳሉም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እናት ደክማለች፤ አባት ከሥራ ይዘገያል፤ ሲመጣም ወደ ቲማቲም ተክሉ ይሄዳል። ካትሪን ትጠብቃለች፤ ትሸከማለች፤ ሞግዚት ትሆናለች። ከዴቪድ ጥቂት ብቻ፣ ከእሷ ግን ብዙ እንደሚጠበቅ ስትናገር ንግግሯ «አንቺ ታላቅ ነሽ፣ እሱ ምን ያውቃል» ሲባል ያደገን አበሻ ሁሉ ይነካዋል። በእኛ ቤት ይህ ሸክም አብዛኛውን ጊዜ በታላቋ ሴት ልጅ ላይ ይወድቃል፤ ወላጅ ሁለት ሥራ በሚሠራበት የዋሽንግተን ወይም የሚኒሶታ ቤትም እንደዚያው ነው። መጽሐፉ ለወላጅ የሚሰጠው ምክር የለም፤ ግን ካትሪን የምትፈልገው ገንዘብም ሽልማትም አለመሆኑን ያሳያል። አባቷን ለጥቂት ጊዜ ብቻዋን ማግኘት ነው የምትፈልገው። በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት፣ ስለ ወንድሟ ምንም የማይወራበት፣ ስልክ የማይነሣበት፣ ሰዓቱ አስቀድሞ የተነገረ። ሊደረግ የሚችል ነገር ነው፤ አንዴ ቃል ከተገባ ግን አይሰረዝ። የተሰረዘ ሰዓት ካልተቀጠረ ሰዓት ይልቅ ያቆስላል።

የታሪኩ ቋጠሮ ያለው ዴቪድ ጋ አይደለም። ካትሪን ስለ ጄሰን ለክሪስቲ ስትነግራት ዊልቸሩንም አለመናገሩንም ትደብቃለች። ክሪስቲ ጄሰንን ተራ ጓደኛ አድርጋ ትስለዋለች፤ ለመንደሩ የዳንስ ምሽት ጥሪው ሲመጣም ካትሪን አልደንስም የሚል ደንብ ጠቅሳ ታፈገፍጋለች። ለሌላው ስታወጣ የኖረችው ደንብ የራሷ መደበቂያ ይሆናል። ጄሰን ይህን የሚረዳበት ገጽ ከባድ ነው፤ ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ አንብቡት። እስከዚያ ድረስ አንባቢው ከካትሪን ጎን ሆኖ በራያን ሲናደድ ነበር። አሁን ካትሪን ራሷ ከራያን ባልተናነሰ ሰው ጎድታለች። ደራሲዋ አንባቢውን የያዘችው እዚህ ነው፤ ወንድሟን በአደባባይ የምትጠብቅ ልጅ የሌላውን ልጅ አካል ጉዳት በዝምታ ትቀብረዋለች፤ ምክንያቷም ክፋት ሳይሆን ይሉኝታ ነው።

በዚህ ነጥብ መጽሐፉ ሜይንን ተሻግሮ ወደ እኛ ይገባል። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚቆይ ልጅ፣ በሠርግ ፎቶ ውስጥ የሌለ ወንድም፣ «ስንት ልጆች አሏችሁ?» ሲባል አንድ ተጎድሎ የሚሰጥ መልስ፤ እነዚህን የማያውቅ ሰፈር የለም። እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከልጃቸው ጋር አደባባይ ወጥተው ሌሎች ወላጆችንም ልጆቻችሁን አውጡ ሲሉ የታገሉት ይህንኑ ነበር። የወላጅ እፍረት በአገራችን መነገር ጀምሯል። የወንድምና የእህት እፍረት ግን ገና አልተነገረም፤ ልጁ «አፍርበታለሁ» ካለ «ነውር ነው!» ተብሎ ይዘጋል፤ ስሜቱ ግን አይጠፋም። «ሩልስ» ለዚያ ልጅ የመጀመሪያ ጓደኛ ሊሆነው ይችላል።

ድክመት አለው። ዋናው ዴቪድ ነው። ስለ ዴቪድ ብዙ እናያለን፤ ዴቪድ የሚያየውን ግን አናይም። የሚያስቁ ትዕይንቶች አብዛኞቹ በእሱ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ጩኸቱ ከውስጥ ምን እንደሆነ፣ የቪዲዮ መደብሩ ለምን እንደሚያስደስተው፣ ሰዓቱ ሲያልፍ ምን እንደሚሰማው አንድም ጊዜ ከራሱ አንደበት አንሰማም። ተራኪዋ እህቱ ስለሆነች ከፊሉ የግድ ነው፤ ቢሆንም ለጄሰን የተሰጠው ዕድል ለዴቪድ አለመሰጠቱ ይቆጫል። ዛሬ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው ስለሚጻፉባቸው መጻሕፍት በድፍረት እየተናገሩ ባሉበት ጊዜ ይህ ክፍተት በ2006 ከነበረው ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ደንቦቹም ቢሆኑ አንባቢው ካልተጠነቀቀ ዓላማቸው ዴቪድን እንደ ሌላው ሰው ማስመሰል ብቻ ይመስላል። ሦስት ዓምድ ያለውን ወረቀት የመከርኩት ለዚህም ጭምር ነው። ራያን ደግሞ ከተንኮሉ በቀር ሌላ ገጽታ የለውም፤ የሰፈር ጉልበተኛ ሆኖ ገብቶ ጉልበተኛ ሆኖ ይወጣል። የቪዲዮ መደብር ምን እንደነበር ለዛሬ ልጅ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ይህ ግን ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።

አነባበቡን በተመለከተ፦ በአንድ ቁጭታ ሁለት ምዕራፍ ይበቃል፤ በዚህ አካሄድ ሁለት ሳምንት አካባቢ ያልቃል። አካል ጉዳተኛው ልጅ በሌለበት ሰዓትና ክፍል ይጀመር፤ እህት ወይም ወንድም ልቡ ያለውን የሚናገረው ያኔ ነው። ፊት ለፊት ከመቀመጥ ይልቅ ጎን ለጎን መሆን ልጁን ያቀልለዋል። «አንቺም እንደ ካትሪን ይሰማሻል?» የሚል ጥያቄ በሩን ይዘጋዋል። «ካትሪን አሁን ለክሪስቲ ምን ብትላት ይሻል ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ስለ ካትሪን እያወራች ስለ ራሷ ትናገራለች። ዝም ካለችም ገጹን ገልብጦ መቀጠል ነው። የነገረቻችሁን ነገር ለአክስትና ለጎረቤት አታውሩ፤ ወደ ጆሮዋ ከተመለሰ ሁለተኛ አትነግራችሁም።

የማይሠራው አሰጣጥ «አንብቢው፣ ስለ አንቺ ነው» ብሎ መስጠት ነው። ልጅቷ መጽሐፉን እንደ ተግሣጽ ትቀበለውና ከአልጋ ሥር ትወረውረዋለች። ለወንድሟ ደንብ እንድትጽፍ ማዘዝም እንዲሁ አይጠቅምም፤ መጽሐፉ ሊያወርድላት የሞከረውን ሸክም መልሶ ይጭንባታል። በክፍል ውስጥ የሚያስነብብ አስተማሪ ደግሞ አካል ጉዳተኛ ወንድም እንዳለው የሚታወቅ ተማሪ ካለው አስቀድሞ ለብቻው ጠርቶ ይንገረው፤ በውይይት ጊዜም እጁን ካላነሣ አይጠይቀው፤ ወደ እሱም አይመልከት። በአሜሪካ ያሉ ቤተሰቦች ከመጽሐፉ በኋላ ልጁ እንደ እሱ ያሉ ልጆችን ማግኘት ከፈለገ ሲብሾፕ የተባሉትን ስብሰባዎች ይጠይቁ፤ ዶን ሜየር የጀመራቸው፣ በአብዛኛው ከ8 እስከ 13 ዓመት ላሉ ወንድሞችና እህቶች የሚዘጋጁ፣ ጨዋታ የሚበዛባቸው ናቸው። የልጆች ሆስፒታሎችና የአካል ጉዳተኛ ቤተሰብ ማኅበራት በየከተማው ያካሂዷቸዋል።

ለግዢ ወረቀት ሽፋኑ ይበቃል፤ የአሜሪካ የሕዝብና የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትም በብዛት አላቸው። ማንበብ የሚያዳግተው ልጅ በድምፅ የተቀረጸውን እየሰማ ገጹን ቢከተል ጥሩ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጃችሁ ራሱ አንባቢ ከሆነና መጽሐፉን ካየው አትደብቁበት፤ መደበቅ ከካትሪን ስሕተት ጋር አንድ ነው። አስቀድማችሁ ግን ታሪኩ በእህት አንደበት የተነገረ መሆኑን ንገሩት፤ ከዚያም አንድ ምዕራፍ መርጦ በዴቪድ አንደበት እንዲነግራችሁ ወይም እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት። አባት የዘገየበት ክፍል ለዚህ በጣም ይመቻል፤ ሰዓቱ አለ፤ መጠበቁ አለ፤ የጎደለውም የልጁ ድምፅ ብቻ ነው።